የአገጭ ኢምፕላንት በስታዲየም አካባቢ፦ ጥሩ እጅ፣ የዘገየ ወረቀት

ከአዲስ አበባ ስታዲየም ብዙም በማይርቅ አንድ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ማዕከል አገጬን በኢምፕላንት፣ ማለትም አጥንት ላይ በሚቀመጥ ሰው ሠራሽ ቅርጽ፣ ካስተካከልሁ ስምንት ወር ሆኖኛል። የሄድሁት አፍንጫዬን ላስቀንስ ነበር፤ ሐኪሙ ግን ፊቴን ከጎን አይተው ከለኩ በኋላ፣ «አፍንጫዎ ምንም አልሆነ፤ አገጭዎ ወደ ኋላ ስለገባ ነው ጎልቶ የሚታየው» አሉኝ። ትልቁን ሥራ ትተው ትንሹን መምከራቸው አመኔታዬን አተረፈላቸው።

ከሁሉም ያረካኝ የማማከሩ ሰዓት ነው። ሁለት ናሙና በእጄ አስያዙኝ። አንደኛው ጠጣር ሲሊኮን ሲሆን ገጹ ልሙጥ ነው፤ ሰውነት በዙሪያው ስስ ሽፋን ስለሚሠራበት ማውጣት ቢያስፈልግ ይቀላል። ሁለተኛው በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ፖሊኤቲሊን የተባለ ፕላስቲክ ነው፤ ሥጋ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ስለሚያድግ ከቦታው በቀላሉ አይንቀሳቀስም፣ ቢመረቅዝ ግን ነቅሎ ማውጣቱ ከባድ ነው። ሲሊኮኑን የመረጥሁት ስለዚሁ ነው። የራስን የአገጭ አጥንት ቆርጦ ወደ ፊት በማምጣት በቲታኒየም ብረት ማሰር እንደሚቻልም፣ ከኢምፕላንቱ ሥር ያለው አጥንት በጊዜ ብዛት ሊሳሳ እንደሚችልም አልደበቁኝም።

ቀዶ ሕክምናው አንድ ሰዓት ያህል ወሰደ። ኢምፕላንቱ የገባው ከታችኛው ከንፈሬ በስተ ውስጥ በኩል በመሆኑ ጠባሳው አይታይም፤ በምትኩ ስፌቱ እስኪድን ድረስ ከምግብ በኋላ ሁሉ አፍን በመድኃኒት መጉመጥመጥ ግድ ነው። እብጠቱ በሁለት ሳምንት ጎደለ። የከንፈሬ መደንዘዝ ግን አምስት ሳምንት ቆየ፤ ሻይ ስጠጣ መፍሰሱን የማውቀው ሸሚዜ ሲረጥብ ነበር። ወደ ከንፈር የሚሄደው ነርቭ ለኢምፕላንቱ በሚከፈተው ቦታ አጠገብ ስለሚያልፍ ይህ ሊደርስ እንደሚችል አስቀድመው ነግረውኝ ስለነበር አልተሸበርሁም።

ቅሬታዬ በወረቀቱ በኩል ነው። የፈረምሁት የስምምነት ቅጽ በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ነበር፤ ሰው አጥንቱ ላይ ባዕድ ነገር ሲያስቀምጥ የሚፈርመውን በቋንቋው ማንበብ አለበት ብዬ አጥብቄ አምናለሁ። የአምራቹ ስም፣ መጠኑና የምርት ቁጥሩ ያለበትን ካርድም ሳይሰጡ አሰናበቱኝ። ነገ ሌላ ሐኪም ኢምፕላንቱን ማውጣት ወይም መቀየር ቢኖርበት፣ ወይም አምራቹ ምርቱን ከገበያ ቢሰበስብ፣ በውስጤ ያለው ምን እንደሆነ የሚነግረው ያ ካርድ ነው። በጠየቅሁ ቁጥር «ፋይልዎ ውስጥ አለ» ይሉኝ ነበር፤ በእጄ የገባው ሦስት ጊዜ ከተመላለስሁ በኋላ ነው።

በሐኪሙ እጅ ዛሬም ብሆን እታከማለሁ። ወደዚያ የምትሄዱ ግን ካርዱ በምትወጡበት ዕለት እንደሚሰጣችሁ ከክፍያ በፊት አረጋግጡ።