የሐዋሳው ሙዚየምና የጥናት ቤተ መጻሕፍት፦ ቤቱ ግሩም ነው፣ ዳይሬክተር ግን ቶሎ ይፈለግለት

ሰላም የሐዋሳ ልጆች፣ ዛሬ እዚሁ ከተማችን ስላለ አንድ ሙዚየምና የጥናት ቤተ መጻሕፍት ነው የምጽፈው። ስሙን አልጠራም፣ ምክንያቱም የማነሳው ቅሬታ እዛ የሚሰሩት ልጆች ላይ እንዲያርፍ አልፈልግም፣ ጥፋቱ የነሱ አይደለም። የምትጠቀሙበት ሰዎች የቱ እንደሆነ ወዲያው ይገባችኋል። እኔ ለማስተርስ ጥናቴ እየተመላለስኩ ብዙ ተጠቅሜበታለሁ፣ አሁን ደግሞ መግቢያው ላይ ለዳይሬክተርነት ክፍት የስራ ቦታ ማስታወቂያ ተለጥፏል፣ እና ሰው ሳይመረጥ በፊት ተጠቃሚው የሚያየውን አንድ ሰው ቢናገር ጥሩ ነው ብዬ ነው።

ከሙዚየሙ ልጀምር። ትልቅ አይደለም ግን የያዘው ነገር ደስ ይላል፣ የእንሰት መፋቂያው፣ የቀርከሃ ስራው፣ የሸክላ እቃው፣ ከበሮው፣ ሁሉም ሰው ሲጠቀምበት የኖረ እቃ መሆኑ እጀታው ላይ ያስታውቃል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ የፊቼ ጫምባላላ ጥግ ላይ ረጅም ጊዜ ቁሙ። በዓሉ በ2015 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ መዝገብ ላይ እንደገባ ግድግዳው ላይ ተጽፏል፣ ጽሁፉ ግን ሁለት መስመር ነች በቃ፣ ዋናውን ነገር የምትሰሙት ከአስጎብኚው ነው። አያንቶዎቹ፣ ማለትም የሲዳማ ባህላዊ የሰማይ አዋቂዎች፣ የሰማዩን ከዋክብትና ጨረቃን አይተው ቀኑን እንደሚወስኑ፣ ለዛም ነው በየዓመቱ ቀኑ የሚለያየው፣ ልጁ ይሄን ሲያስረዳ ከልቡ ነው፣ ጥያቄ ስትጠይቁት ደግሞ አይሰለችም። አስጎብኚ ሳትይዙ እንዳትገቡ፣ የምሬን ነው።

ቤተ መጻሕፍቱ ግን ለኔ ከሙዚየሙም ይበልጣል። ሌላ ቦታ ፈልጌ ያጣኋቸው የድሮ የወረዳ ሪፖርቶች፣ ሳይታተሙ የቀሩ ጥናቶች ረቂቅ ሳይቀር፣ የድሮ ጋዜጣ ጥራዝ፣ ሽማግሌዎች ሲናገሩ የተቀዳባቸው ካሴቶች አሉ። ካታሎጉ ገና በካርድ ነው፣ የእንጨት መሳቢያ ስባችሁ በጣታችሁ እያገላበጣችሁ ነው የምትፈልጉት፣ ካርዶቹ ላይ በሁለት በሦስት ሰው የእጅ ጽሁፍ ተጽፏል፣ አንደኛው ጽሁፍ በጣም ቆንጆና የተጠነቀቀ ነው፣ ከርዕሱ ስር ይሄኛው ከዛኛው ፋይል ጋር ይነበብ ብሎ ሁሉ ማስታወሻ ይተዋል። እሱን ማስታወሻ ተከትዬ ነው የጥናቴን ግማሽ ያገኘሁት ብል ማጋነን አይሆንም። ላይብረሪያኗ ደግሞ እግዜር ይስጣት፣ የፈለጋችሁትን ርዕስ ስትነግሯት ካርድ ሳታይ መደርደሪያው ጋ ትሄዳለች። ግን እኮ ይሄ የሚያስፈራም ነገር ነው፣ እሷ ነገ ጡረታ ብትወጣ ወይ ብትታመም ያ ሁሉ እውቀት ከሷ ጋር ይሄዳል፣ የተጻፈ ነገር የለም።

አሁን ወደ ችግሩ። የቀድሞው ዳይሬክተር ከለቀቁ በኋላ ቤቱ በተጠባባቂ ነው የሚመራው። ተጠባባቂው ሰውዬ ትሁት ናቸው፣ ቢሯቸው ሁሌ ክፍት ነው፣ ምንም ክፉ አልናገርም፣ ግን ሌላ የራሳቸው ስራ አላቸው ውክልናውም ሙሉ አይደለም፣ ትንሽ ከበድ ያለ ነገር ሲመጣ መልሱ ዋናው ሰው ሲመደብ ነው። እኔ አንድ የድሮ ሰነድ ፎቶ ለማንሳት ከዩኒቨርሲቲ የትብብር ደብዳቤ ይዤ ሄጄ ፈቃዱን የሚፈርም ሰው ጠፍቶ በእጄ ስገለብጥ ከረምኩ። ስካነር አለ እኮ፣ በስጦታ የመጣ፣ ርክክቡ ስላልተፈረመ ከነካርቶኑ ጥግ ተቀምጧል፣ ካሴቶቹ ደግሞ እዛው አጠገቡ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣሉ። ካሴት እድሜ አለው፣ የተቀዱት ሽማግሌዎች ደግሞ ብዙዎቹ አሁን በህይወት የሉም፣ ያ ድምፅ ከጠፋ ከየትም አይመጣም።

ከሁሉ ያሳዘነኝ ከበሮው ነው። ቆዳው ከጠርዙ ተሰንጥቋል፣ ስንጥቁ ወደ መሀል እየሄደ ነው፣ መጀመሪያ ሳየው አጭር ነበር። ሐዋሳ የሐይቅ ዳር ከተማ ነው፣ ክረምት ላይ አየሩ ይረጥባል በጋ ላይ ይደርቃል፣ ቆዳና እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሄ ሲደጋገም ነው የሚሰነጠቀው። ወረቀትም እንደዛው ነው፣ የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ሆኖ ከቆየ ሻጋታ ይጀምራል። የእርጥበት መለኪያ ውድ እቃ አይደለም፣ ከበሮውን ከመስኮቱ ማራቅ ደግሞ ምንም ብር አያስወጣም፣ ግን ይሄን አይቶ ዛሬውኑ ይነሳ የሚል ሰው ያስፈልጋል። ዳይሬክተር የለም ማለት ለተጠቃሚው እንዲህ ነው የሚታየው።

እና ማስታወቂያውን ቆሜ አነበብኩት። ማኔጅመንት፣ ህዝብ አስተዳደር ወይም ተዛማጅ የትምህርት መስክ፣ የስራ ልምድ በአመራርነት፣ የኮምፒውተር ችሎታ፣ ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 10 ተከታታይ የስራ ቀናት ዋናውንና ኮፒውን ይዘው ይቅረቡ። ሙዚየም የሚል ቃል ከመስሪያ ቤቱ ስም ውጪ አንድ ቦታ አልተጻፈም! ታሪክ የለም፣ አርኪዮሎጂ የለም፣ የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ የለም፣ የቅርስ አያያዝ የለም፣ ሲዳምኛ የሚችል ቢሆን እንኳን አይልም። በጀት ማንቀሳቀስ የሚችል ሰው ያስፈልጋል እሱ አያከራክርም፣ ግን በዚህ መስፈርት የውሃ ፋብሪካ ስራ አስኪያጅም ይገባል።

አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም አስቡት። ከ1953ቱ የታህሳስ ግርግር በኋላ ጃንሆይ ገነተ ልዑል ቤተ መንግስትን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ፣ ተቋሙ በ1963 እ.ኤ.አ. እዛው ተቋቋመ፣ ሙዚየምና የጥናት ቤተ መጻሕፍት አንድ ላይ ይዞ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት እራሳቸው ታሪክ ተመራማሪ ነበሩ፣ ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን ያደራጁት ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ደግሞ የድሮ ስዕሎቻችንን ያጠኑ ሰው ናቸው። የተቋሙ ወዳጆች ማህበር ተመስርቶ ቅርስ እየገዛ ለሙዚየሙ ይሰጥ ነበር። ሐዋሳ ውስጥ ይሄን የሚጠላ ነጋዴ፣ ሆቴል ባለቤት፣ መምህር ያለ አይመስለኝም፣ ሰብስቦ የሚያስተባብር ነው የጠፋው።

ሌላ ብዙ ሰው የማያስበው ጉዳይ አለ። አንዳንድ እቃዎች ላይ ያለው መግለጫ ደቡብ ብቻ ነው የሚለው፣ ቀበሌ የለ መንደር የለ። ያኔ ሐዋሳ የደቡብ ክልል መቀመጫ ስለነበረች ችግር አልነበረውም። ከዛ ሲዳማ በ2012 ክልል ሆነ፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ወጣ፣ የቀረው ደግሞ በ2015 ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ተከፈለ። ነገ አንዱ መጥቶ ይሄ የኛ ነው ቢል፣ እቃው ከማን እጅ መቼ እንደመጣ መዝገቡ ካልተናገረ ምን ሊባል ነው? ቅርስ መመዝገብ እንዳለበት አዋጅ ቁጥር 209/1992 ላይም አለ። የሚመጣው ዳይሬክተር የመጀመሪያ ስራው ያን መዝገብ አውጥቶ፣ ያመጡትን ሰዎች በህይወት እያሉ ፈልጎ መጠየቅ ነው።

ቅጥሩን የምትመሩ ሰዎች ይሄን ካነበባችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ፣ ኢንተርቪው የምታደርጉትን ሰው አዳራሽ ውስጥ ብቻ አታስቀምጡት። እቃ ክፍል አስገቡትና ቁጥር የሌለው አንድ እቃ ስጡት፣ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ በሉት። ካርዱ ጋ ውሰዱት። ላይብረሪያኗንም ከኮሚቴው ጋር አስቀምጧት፣ ማን እንደሚሆን ከሁላችንም በላይ እሷ ትለያለች። ጊዜ ካለ ደግሞ ማስታወቂያው ተስተካክሎ እንደገና ቢወጣ ምንም አይጎዳም።

ለመሄድ ላሰባችሁ፣ ለሰራተኞቹ አምስት ከአምስት ሰጥቻለሁ፣ ለስብስቡም አምስት፣ ለአገልግሎቱ አሁን ባለበት ሁኔታ ሁለት። መታወቂያና የትብብር ደብዳቤ ያዙ፣ ጠዋት ሂዱ ምክንያቱም ከሰዓት የንባብ ክፍሉ ውስጥ መብራት ከሄደ ጨለማ ነው፣ እርሳስ ይዛችሁ ግቡ እስክሪብቶ አያስገቡም፣ እሱ ደግሞ ትክክል ነው። ታሪክ ወይም ላይብረሪ ሳይንስ ተምራችሁ አመራር ላይ የሰራችሁ ካላችሁ፣ መስፈርቱ ባይጠራችሁም ሄዳችሁ ተመዝገቡ፣ ማስታወቂያው ገና አልተነሳም።