ድርቅ ስላጠቃቸው ገበሬዎች የሚተርክ የምንባብ ጥራዝ፦ ምንባቡ ከጥያቄው ይበልጣል

አንብቦ የመረዳት ችሎታን ለማዳበር የተዘጋጀው ይህ የምንባብ ጥራዝ በ1930ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ሜዳማ ግዛቶች በከባድ ድርቅ ውስጥ ስለኖሩ ገበሬ ቤተሰቦች ይተርካል። ከስድስት ተማሪዎች ጋር ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሠርተንበታል። ዐሥር ምንባቦች፣ ከእያንዳንዱ ምንባብ ሥር የመረዳት ጥያቄዎች፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የቃላት መፍቻና የመልስ ገጾች አሉት። ሊገዛው ለሚያስብ ሰው የምለው፣ ምንባቦቹን ያለ ስጋት ይጠቀምባቸው፤ ከጥያቄዎቹ ግን ግማሽ ያህሉን ራሱ ቢያዘጋጅ ይሻለዋል። ይህን የምለው ጥራዙን አቅልዬ ሳይሆን፣ በምንባቦቹ ላይ የፈሰሰው ድካም በጥያቄዎቹ ምክንያት ሲባክን በማየቴ ነው።

ከዐሥሩ ሁሉ ሦስተኛው ምንባብ ይልቃል። አንዲት እናት ለእራት ጠረጴዛ ስታሰናዳ እናያለን። ሳህኖቹንና ኩባያዎቹን ደፍታ ትደረድራለች፤ ምግቡ ቀርቦ ሁሉም እስኪቀመጥ ድረስ ማንም አይገለብጣቸውም። ሲገለበጡ በጠረጴዛው ልብስ ላይ የሳህኑ አፍ ያረፈበት ቦታ ክብ ሆኖ ነጭ ይታያል፤ ዙሪያው በአቧራ ተሸፍኗል። በመስኮቱ ላይ ውኃ የተነከረ አንሶላ ተሰቅሏል፤ ማታ ነጭ ሆኖ የተሰቀለው ጧት ቡናማ ሆኖ ይወርዳል። ጸሐፊው ቤተሰቡ መጨነቁን በአንድም ቃል አይነግረንም፤ አንባቢው ከሳህኑና ከአንሶላው ተነሥቶ ራሱ እንዲደርስበት ይተወዋል። ከተማሪዎቼ አንዷ፣ እናትየዋ ሳህኖቹን የደፋችው ማንም ሳያዛት፣ እያወራች መሆኑን አስተውላ፣ “እንግዲያው አቧራው ዛሬ የመጣ አይደለም፤ ለምደውታል” አለች። ምንባቡ የድርቁን ርዝመት በቁጥር አልጠቀሰም፤ ልጅቱ ግን ከአንዲት እናት የእጅ ልማድ አነበበችው። አንብቦ መረዳት የምንለውን ነገር ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ በቅርቡ አላጋጠመኝም።

አራተኛውና አምስተኛው ምንባብ ወደ መንስኤው ይወስዱናል፤ አጻጻፋቸውም ጥንቃቄ ያልተለየው ነው። በ1862 የወጣው የሆምስቴድ ሕግ ለአንድ ቤተሰብ 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ያህል መሬት ይሰጥ ነበር። በ1909 ለደረቅ አካባቢዎች 320 ኤከር እንዲሆን የፈቀደ ሌላ ሕግ ወጣ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የስንዴ ዋጋ ሰማይ ሲነካ፣ ገበሬው በብድር ትራክተርና የዲስክ ማረሻ ገዝቶ፣ ሥሩ እንደ መረብ ተሳስሮ አፈሩን አቅፎ የኖረውን የሜዳ ሣር ገለበጠው። ከጦርነቱ በኋላ ዋጋው ወደቀ፤ ዕዳው ግን አልቀነሰም፤ ስለዚህ ያንኑ ያህል ገንዘብ ለማግኘት የበለጠ መሬት ማረስ ግድ ሆነበት። ከ1931 ጀምሮ ዝናቡ ሲጠፋ ቡቃያው ደረቀ፤ የሚይዘው ሥር ያጣው አፈርም ከነፋሱ ጋር ተነሣ። ይህን ሁሉ ምንባቡ በአንድ አባትና በወንድሙ ንግግር ውስጥ አስገብቶ፣ ያለ አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ዓይነት ዐረፍተ ነገር ይተርከዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ፣ “ቤተሰቡ ምርቱን ያጣው ለምንድን ነው?” የሚል ነው። የመልስ ገጹ የሚቀበለው አንድ መልስ ብቻ ሲሆን፣ እሱም “ዝናብ ስለ ጠፋ” ይላል። ዕዳውን፣ የስንዴውን ዋጋና የተገለበጠውን ሣር አገናዝቦ ሦስት መስመር የጻፈው ተማሪ በዚህ ገጽ መሠረት ተሳስቷል፤ ምንባቡን ሳያነብ ከርዕሱ ብቻ ገምቶ የመለሰው ደግሞ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ይህን ጉድለት እንደ ቀላል አላየውም። የእነዚያ ቤተሰቦች ታሪክ ከሰማይ በወረደ መከራ ብቻ እንደ ደረሰ ተደርጎ ከተነበበ፣ በጊዜው ተገቢ መስሏቸው የወሰኑት ውሳኔ፣ ያሰሉት ስሌትና የተሸከሙት ብድር ሁሉ ከታሪኩ ይወጣል። ገበሬው አሳቢና ወሳኝ ሰው መሆኑ ይቀርና የሚታዘንለት ምስል ብቻ ይሆናል።

ሰባተኛው ምንባብም ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሞታል። መንግሥት በ1934 የሚበሉት ያጡ ከብቶችን ከገበሬዎች ይገዛ ነበር፤ ለሥጋ የማይበቁት እዚያው ይገደሉ ነበር። ምንባቡ ውስጥ ያለው አባት ከብቶቹን አንድ በአንድ ከበረቱ አውጥቶ ካስረከበ በኋላ፣ አንዲት የምትታለብ ላም አስቀርቶ በሩን ይዘጋል። የጥራዙ ጥያቄ “አባትየው ምን ተሰማው?” ይልና “ሐዘን፣ ቁጣ፣ ፍርሃት፣ ደስታ” የሚሉ ምርጫዎች ይሰጣል። እኔ ይህን ትቼ፣ “ላሚቱን ለምን አስቀራት? ከማስረከቡ በፊት ማንን አማክሮ ነበር? ከየትኛው ዐረፍተ ነገር ታወቀ?” ብዬ ጠየቅሁ። ተማሪዎቹ ወደ ኋላ ሁለት ገጽ ተመልሰው፣ ታናሽየዋ ልጅ በአቧራው ሳንባ ምች ይዟት እንደ ነበርና እናትየው ስለ ወተት የተናገረችውን አንዲት መስመር አገኙ። መልሱ ምንባቡ ውስጥ ነበር፤ የጎደለው ወደዚያ የሚመራ ጥያቄ ነው።

ስደትን በሚመለከት ሚዛኑ ትንሽ አዘንብሏል። እስከ 1940 ድረስ ከሜዳማዎቹ ግዛቶች 2.5 ሚሊዮን ገደማ ሰው መውጣቱን ይገልጻል፤ ሦስት ምንባቦችንም ወደ ካሊፎርኒያ ለሚደረገው ጉዞ ሰጥቷል። ድርቁ በከፋባቸው አውራጃዎች እንኳ አብዛኛው ሰው ከቀዬው አለመነቀሉ ግን የተነገረው በአንድ ገጽ ብቻ ነው። ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ የመረጃ ስሕተትም አለ። ዶሮቲያ ላንግ በ1936 ካሊፎርኒያ ውስጥ ያነሣችውን የታወቀ የእናትና የልጆች ፎቶግራፍ አትሞ፣ ሥሩ “ድርቁ ከኦክላሆማ ያፈናቀላት ገበሬ” ብሎ ጽፏል። ሴትየዋ ግን ወደ ካሊፎርኒያ መጀመሪያ የሄደችው ድርቁ ከመጀመሩ በፊት በ1920ዎቹ ነው። ፎቶግራፍን እንደ ምንባብ አንብቡ የሚል ጥራዝ በዚህ ላይ መጠንቀቅ ነበረበት።

ጥራዙ ወደ አማርኛ የተመለሰበት ትርጉም በአመዛኙ የጠራ ነው። አንድ ቦታ ግን እክል ፈጥሯል፤ በ1935 በጋዜጣ ላይ ወጥቶ የጸናውን “ደስት ቦውል” የሚለውን የአካባቢውን ስያሜ “የአቧራ ሳህን” ብሎታል። ስለ ተደፉት ሳህኖች ገና ያነበቡ ልጆች ስያሜው ከዚያ የመጣ መስሏቸው ነበር። ስሙ እንዳለ ተቀምጦ በቃላት መፍቻው ቢብራራ ይበቃ ነበር።

ዘጠነኛው ምንባብ ኤፕሪል 14 ቀን 1935 የወረደውን “ጥቁር እሑድ” የተባለውን የአቧራ ማዕበል ያሳያል፤ ጧት ሰማዩ ጥርት ብሎ ሰዎች ልብስ አጥበው ሲያሰጡ ይጀምርና ከሰዓት በኋላ የገዛ እጅ እስከማይታይበት ጨለማ ይደርሳል። ዐሥረኛው በዚያው ወር ስለ ወጣው የአፈር ጥበቃ ሕግ፣ ለሕጉ ስለ ተሟገተው የአፈር ባለሙያ ሂው ቤኔት፣ ተዳፋትን አቋርጦ ስለ ማረስና ነፋስ ለመከላከል ስለ ተተከሉት ከ200 ሚሊዮን በላይ ዛፎች በጥድፊያ ይናገራል። ሁለት ምንባብ ሊሆን ይገባው ነበር።

የከፈልኩበት ገንዘብ አላስቆጨኝም፤ በሚቀጥለው ዙርም እጠቀምበታለሁ። ረጅም ዐረፍተ ነገር ለማንበብ ገና ለሚቸገሩ ጀማሪዎች ይከብዳል፤ ከእነሱ ከፍ ላሉት ግን ተስማሚ ነው። የመልስ ገጾቹን ከጥራዙ ለይቶ ማስቀመጥና ተማሪዎቹ ከእያንዳንዱ ምንባብ በኋላ የራሳቸውን አንድ ጥያቄ እንዲጽፉ ማድረግ ይጠቅማል፤ የእኔዎቹ ከሦስተኛው ምንባብ በኋላ ከጻፏቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ “አንሶላውን የሚያጥቡት በየትኛው ውኃ ነው?” የሚል ነበር።