ልሸጣት የነበረችው ኮሮላ፦ ደሴ አዲስ አበባ፣ ከ14 ወር በኋላ

ይቺን ኮሮላ ልሸጣት ደላላ ጠርቼ ነበር። ገዢም መጥቶ ነበር። ዛሬ ግን አልሸጣትም። ምክንያቴ የጎማ አየር ነው። አዎ፣ አየር።

የምኖረው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። እናቴ ወገቧን ያማታል። ለክትትል በየወሩ አዲስ አበባ አመላልሳታለሁ። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከወጣን፣ መንገዱ ሰላም ከሆነና ሸዋ ሮቢት ላይ ቁርሱ ካልረዘመ፣ ስምንት ሰዓት ላይ እንገባለን። የ2004 ሞዴል ኮሮላ የገዛሁት ለዚሁ ነው።

ስገዛ አንድ ደላላ የተናገረኝ ነገር ከአእምሮዬ አልጠፋም። «ወንድሜ፣ የወሎን መንገድ በዚህች ዝቅ ባለች መኪና? ከፍ ያለ ግዛ እንጂ እናትህን አታሰቃያት» አለኝ። ገንዘቤ የቻለው ግን ኮሮላ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ደላላው እውነቱን ነው እያልኩ ነው ያሳለፍኳቸው። ሐርቡን አልፈን ከሚሴ ሳንደርስ ትከሻዬ ይደነዝዛል። አስፋልቱ ላይ ያለች ትንሽ ስንጥቅ ሁሉ ቀጥታ አጥንት ውስጥ ትገባለች። እናቴ ከኋላ በሩ በላይ ያለውን መያዣ ጨብጣ ነው የምትሄደው። በመስታወት አያታለሁ። ድልድይ ከሩቅ ስታይ ዓይኗን ትጨፍናለች። ድልድዩ ጓ፣ ጓ አድርጎ ሲያልፍ ትከፍታለች። አታማርርም። «ቀስ በል ልጄ» ብቻ ነው የምትለኝ። በ40 እየነዳሁ ቀስ በል ስትለኝ ምን ልበላት?

ጋራዥ ወሰድኳት። «አሞርዛተሩ (ንዝረቱን የሚውጠው ዕቃ) አልቋል» አሉኝ። የፊቱን ሁለቱን ቀየርኩ። ለውጥ የለም። የኋላውንም ቀየርኩ። አሁንም ያው። ሌላው ደግሞ ወንበሩን ስፖንጅ አስለውጠው አለኝ። ያን ጊዜ መረረኝና ለመሸጥ ወሰንኩ።

ገዢው ኮምቦልቻ ነበር፤ ወርጄ አሳየሁት። መኪና እንዲያዩለት አንድ አባት ይዞ መጣ። በዱሮው ዘመን በኤንትሬ፣ በዚያ በፊያት ጭነት መኪና፣ ከአሰብ ኮምቦልቻ ሲመላለሱ የነበሩ ሹፌር ናቸው። ሞተሩን ከፍተው አላዩም። አጎንብሰው የፊት ጎማውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከዳር ወደ መሃል፣ ከመሃል ወደ ዳር።

«ልጄ፣ ስንት አየር ነው የምታስሞላው?»

«እሱን ጎሚስታው ነው የሚያውቀው» አልኳቸው።

እጄን ይዘው ጎማው ላይ አሳረፉት። ጥርሱ ዳር ዳሩን ገና አዲስ ነው። መሃሉ ግን ተበልቶ ልስልስ ብሏል። አራቱም ጎማ እንዲያ ነበር። ጋራዥ ሁለት ጊዜ የገባች መኪና ናት፤ ይህን ማንም አላየውም።

አጠገባችን ወዳለ ጎሚስታ ሄደን አስለካን። 46 ይላል። ከዚያ ሽማግሌው የሹፌሩን በር ከፍተው ምሰሶውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉት። አቧራው ሲለቅ አንዲት ወረቀት ወጣች። እዚያ ላይ 220 ይላል፤ ከጎኑ 32። 220ው በኪሎ ፓስካል፣ 32ቱ በፒኤስአይ የተለካ የአየር ግፊት ነው፤ ልኩ አንድ ነው። መኪናዋ የምትፈልገው 32 ነው፤ እኔ 46 ይዤ ነው እናቴን ሳመላልስ የከረምኩት። «ይሄማ ጎማ መሆኑ ቀርቷል፤ ድንጋይ ሆኗል» አሉኝ።

አስቀነስኩ። ገዢውን ይቅርታ ጠይቄ ወደ ደሴ ዳገቱን ወጣሁ። በሩ ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ስትንኳኳ የምታበሳጨኝ የውሃ ፕላስቲክ ነበረች። ያን ቀን ደሴ እስክገባ ድረስ ድምጿን አልሰማሁም።

ነገሩ ከገባችሁ ቀላል ነው። መንገዱን መጀመሪያ የሚነካው ጎማ ነው። ጉድጓዱን ቀድሞ የሚቀበለው በጎማው ጎን ያለው ላስቲክ ነው፤ ሞላላ ሆኖ ይተጣጠፋል፣ ይመለሳል። ከልክ በላይ ሲነፋ መተጣጠፉ ይቀራል። ምቱ እንዳለ ወደ ቸርኬው፣ ከዚያ ወደ ወንበር፣ ከዚያ ወደ ወገብ ይሄዳል። መሃሉ ተወጥሮ ከዳሩ ይበልጥ መሬት ስለሚነካ መሃሉ ቀድሞ ያልቃል። ፍሬንም ይዳከማል። ጎሚስታዎቻችን አይሱዙ በሚነፉበት ቱቦ ነው የእኛንም የሚነፉት። «ጠንከር ይበል፣ መንገድ ትሄዳለህ» ይላሉ። ለደግ ብለው ነው። ግን ልክ አይደለም።

ሽማግሌው አንድ ነገር አስጠንቅቀውኛል፤ እኔም ለእናንተ ልንገራችሁ። ምቾት ፈልጋችሁ በሩ ላይ ያለው ወረቀት ከሚለው ልክ በታች አታውርዱት። አየር ያነሰው ጎማ ሲሄድ ይግላል። ከከሚሴ እስከ ሸዋ ሮቢት ያለውን ቆላ ታውቁታላችሁ፤ እዚያ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ከዚያ ወዲህ ስምንት ጊዜ ተመላልሰናል። ከፍ ያለ መኪና ግዛ ለሚሉኝ ሁሉ አሁን መልስ አለኝ። የእህቴን ባል ፒካፕ ተውሼ አንድ ጊዜ እናቴን ወስጃታለሁ። ከፍ ያለ ነው፣ ያምራል። ከኋላ ግን ባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ስፕሪንግ) ነው፤ ጭነት እንዲሸከም የተሠራ ነው። ባዶውን ሲሄድ ይዘላል። ደብረ ሲና ዳገት ላይ ደግሞ በየመታጠፊያው እንደ ዛፍ ይወዛወዛል። እናቴ ጣርማ በር ሳንደርስ አስመለሳት። ኮሮላዋ መሬት ይዛ ነው የምትታጠፈው። ለመኝታ የሚመች መኪና በመታጠፊያ የማይወዛወዝ ነው።

ዳገቱ ላይ ደካማ ናት፤ ይሄን አልክድም። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ናት፤ ጣሊያን የሠራው የጣርማ በር ዋሻ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩም ይደክማል። በሁለተኛ ማርሽ እየተነፈሰች ነው የምትወጣው። ሌላው የወንበሩ ዝቅ ማለት ነው። እናቴ ስትወርድ ክንዷን ይዤ አነሳታለሁ። ጉልበት የሚያመው ሰው ካላችሁ ደላላው በዚህ ትክክል ነው። ነዳጅ፣ መለዋወጫ፣ ሌላ ሌላው ምንም አልጎደለኝም።

አሁን የራሴን መለኪያ ገዝቻለሁ። የምለካው ማታ፣ መኪናዋ ቆማ ጎማው ሲቀዘቅዝ ነው። ሰው ስትሞላ ወረቀቷ ትንሽ ጨምር ስለምትል እጨምራለሁ። ባለፈው ጉዞ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ልገዛ ቆምኩ። ልጆቹ መስኮቱን ከበው ሲጮሁ ዞር ብዬ አየሁ። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ተኝታለች። እጇ መያዣው ላይ የለም፤ ጭኗ ላይ ነው። ቆሎውን በምልክት ገዝቼ በሩን ሳላንኳኳ ዘጋሁት።