«መርዙ እየወጣ ነው» ለሚሏችሁ የአሎቬራ ጭማቂ ሻጮች ገንዘባችሁን አትስጡ

ጨጓራ፣ ቃር፣ የሆድ ድርቀት ወይም የሆድ መነፋት የሚያስቸግራችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። «ተፈጥሯዊ የአንጀት ማጽጃ»፣ «ጨጓራን ከሥሩ የሚነቅል» እየተባለ በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚሸጠውን የሚጠጣ የአሎቬራ ጭማቂ ብዙ ሰው የሚገዛው «ባይጠቅምም አይጎዳም» በሚል ስሌት ነው። ስሌቱ ግን ስህተት ነው። ጭማቂው በደንብ ካልተጣራ ይጎዳል። በደንብ ከተጣራ ደግሞ ሻጩ የሚለውን እንደሚሠራ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ የለም። በሁለቱም በኩል ከሳሪው ገዢው ነው።

ነገሩን ለመረዳት ቅጠሉን ማየት ይበቃል። አንድ ወፍራም የእሬት (የአሎቬራ) ቅጠል ከግርጌው ቆርጣችሁ የተቆረጠውን ጎን ወደ ታች አድርጋችሁ ብታቆሙት፣ ከቆዳው ሥር ቢጫ ፈሳሽ ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል። ሲደርቅ ወደ ቡናማ ይለወጣል። ጣት ላይ ይጣበቃል፣ ይሸታል፣ ምላስ ከነካ ምሬቱ ቶሎ አይለቅም። ላቴክስ የሚባለው ይህ ነው፤ በውስጡ አሎይን የተባለ ኃይለኛ የሚያስቀምጥ ንጥረ ነገር አለበት። አረንጓዴውን ቆዳ ገፋችሁ ስትጥሉ መሃል ላይ የሚቀረው የጠራ ዝልግልግ ነገር ደግሞ ጄሉ ነው። ጄሉ ከመቶው 98 እጁ ወይም ከዚያም በላይ ውሃ ነው፤ የቀረው ጥቂት ስኳርና አሲድ፣ እንዲሁም አሴማናን የሚባል ረጅም ሰንሰለት ያለው የስኳር ዓይነት ነው። ሁለቱ በአንድ ቅጠል ውስጥ ቢኖሩም ሆድ ውስጥ ሲገቡ የሚሠሩት ፈጽሞ የተለያየ ነው።

አሎይን ትንሹን አንጀት እንዳለ አልፎ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ይሰባብሩትና የአንጀቱን ግድግዳ ወደሚያስቆጣ ኬሚካል ይለውጡታል። ያኔ አንጀት ይኮማተራል፣ ወደ ሰውነት መመለስ የነበረበት ውሃም ከሰገራው ጋር ይወጣል። ማታ የጠጣ ሰው ጠዋት ሆዱን ቆርጦት ወደ መጸዳጃ ቤት የሚሮጠው በዚህ ምክንያት ነው። የወጣው መርዝ አይደለም፤ ውሃና ጨው ነው፣ በተለይም ፖታሲየም። ፎቶ እየተነሳ «በፊት» እና «በኋላ» ተብሎ የሚለጠፈው የጎደለ ሆድም በአብዛኛው በተቅማጥ የወጣ ውሃ ነው፤ ሰውየው ሲጠጣና ሲበላ ይመለሳል።

አክስቴ የደረሰባትን ልንገራችሁ። የሆድ ድርቀት ስለሚያስቸግራት ከአንድ የኢንተርኔት ሻጭ የሦስት ወር «ሙሉ ጥቅል» ገዛች። ለደም ግፊቷ የሚያሸና መድኃኒት እንደምትወስድ ሻጩ አልጠየቃትም፤ እሷም ጭማቂ ነው ብላ ለሐኪሟ አልነገረችም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተቅማጡ በረታባት። እግሯን ሌሊት ሌሊት ይይዛት ጀመር፣ ደረጃ መውጣት አቃታት፣ ልቤ ይዘላል ትል ነበር። ለሻጩ ስትጽፍለት የመጣላት መልስ አሁንም ስልኳ ላይ አለ፦ «አይዞዎት እናቴ፣ መርዙ እየወጣ ነው። በጣም ጥሩ ምልክት ነው። እንዳያቋርጡ፣ መጠኑን ትንሽ ከፍ ያድርጉት።» ሆስፒታል ስንወስዳት በደሟ ውስጥ ያለው ፖታሲየም በጣም ወርዶ ተገኘ። የሚያሸናው መድኃኒት በሽንት፣ ጭማቂው በተቅማጥ፣ ሁለቱም ፖታሲየሟን ሲያወጡባት ነበር ማለት ነው። የፖታሲየም ማነስ የልብን ምት ሊያዛባ የሚችል ነገር ስለሆነ ሐኪሙ በቀላሉ አላየውም። ዛሬ ደህና ናት። ያልተከፈቱትን ጠርሙሶች ልንመልስ ብንጠይቅ «ጥቅሉ አንዴ ከተጀመረ አይመለስም» ተባልን።

እኔን ከገንዘቡ በላይ የሚያናድደኝ ያ መልእክት ነው። ሆድ መቁረጥ፣ ተቅማጥ፣ ድካም፣ ራስ ምታት፣ እነዚህ ሰውነት «አቁም» የሚልባቸው ምልክቶች ናቸው። ሻጩ ግን የመዳን ምልክት ናቸው ብሎ አስቀድሞ አሳምኗችኋል። ስለዚህ ሰው በታመመ ቁጥር ይበልጥ ያምናል፣ ይበልጥ ይጠጣል፣ ሌላ ጠርሙስ ያዝዛል። ሳይታመም ሲቀር ደግሞ «እንዴት ተስማማዎት!» ይባላል። በየትኛውም መንገድ ቢሄድ ምርቱ አልሠራም የሚባልበት ቀን የለም። እንዲህ ያለ ማብራሪያ ከሰማችሁ፣ የሚሸጠው ዕቃ ምንም ይሁን ምን፣ ራቁ።

ሌላም ወጥመድ አለ። አንጀት በአንድ ጊዜ ሙልጭ ብሎ ከወጣ እንደገና እስኪሞላ ድረስ አንድ ሁለት ቀን ሰገራ አለመኖሩ ያለ ነገር ነው። ይህን የማያውቅ ሰው «ድርቀቱ ተመለሰብኝ» ብሎ እንደገና ይጠጣል። አንጀቱም በራሱ ጊዜ የመሥራት ዕድል አያገኝም።

«ታዲያ ጥናት አለ ይላሉ» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ አለ፤ ሙሉውን ማየት ግን ተገቢ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ2004 ታትሞ የወጣ አንድ የእንግሊዝ ጥናት፣ አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ የሚባለው የትልቁ አንጀት መቆጣት ባለባቸው 44 ሰዎች ላይ ተደርጓል። 30ዎቹ የአሎቬራ ጄል፣ 14ቱ ደግሞ ተመሳሳይ የሚመስል ባዶ ፈሳሽ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው 100 ሚሊ ሊትር፣ ለ4 ሳምንት ጠጡ። ጄሉን ከጠጡት 14ቱ፣ ባዶውን ከጠጡት 2ቱ በሕመም ምልክቶቻቸው ላይ መሻሻል አሳዩ። ተስፋ ሰጪ ነው፤ ነገር ግን በመሣሪያ የአንጀታቸው ውስጠኛ ክፍል ሲታይ በሁለቱ ወገኖች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ጥናቱም ትንሽና አጭር ነበር። በ2006 የወጣው ሌላው ጥናት ሆዳቸው በየጊዜው የሚቆርጣቸውና የሚነፋቸው፣ አይ.ቢ.ኤስ የሚባለው ችግር ያለባቸው 58 ሰዎች የተሳተፉበት ነው፤ አሎቬራው ከባዶው ፈሳሽ የተሻለ መሆኑን የሚያሳይ ነገር አላገኘም። ሻጮቹ የመጀመሪያውን ጥናት ግማሽ ይጠቅሳሉ፣ የሁለተኛውን ስም አያነሱም።

የሚያስቀምጠው ክፍልማ ከዚህም የከፋ ታሪክ አለው። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2002 አሎ ያለባቸው ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ የሚያስቀምጡ መድኃኒቶች ከገበያ እንዲወጡ ወሰነ፤ ደህንነታቸውን የሚያረጋግጥ መረጃ አምራቾቹ ስላላቀረቡ ነው። በዚያው አገር መንግሥት በተካሄደ የሁለት ዓመት ጥናት፣ ያልተጣራ የሙሉ ቅጠል ጭማቂ ከሚጠጡት ውሃ ጋር የተሰጣቸው አይጦች ትልቁ አንጀታቸው ላይ ዕጢ አወጡ። ከዚያ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የአሎቬራን ሙሉ ቅጠል ጭማቂ «ለሰው ካንሰር የማምጣት ዕድል ሊኖረው ይችላል» ከሚላቸው ነገሮች ጋር፣ በምድብ 2ቢ፣ አስቀመጠው። ይህ ማለት የጠጣ ሁሉ ካንሰር ይይዘዋል ማለት አይደለም፤ ሰውን ማስደንገጥ አልፈልግም። በደንብ የተጣራ ጄልም ያ ጥናት የፈተሸው ነገር አይደለም። ግን ለወራት በየቀኑ እንድንጠጣው የሚሸጥልን ዕቃ የትኛው እንደሆነ የማወቅ መብት አለን። የአሎ አምራቾቹ የራሳቸው ዓለም አቀፍ ማኅበር እንኳ ለሚጠጣ ምርት የአሎይን ጣሪያ ከአንድ ሚሊዮን 10 እጅ ብቻ እንዲሆን አድርጓል። ሻጫችሁን «የዚህ ጠርሙስ የአሎይን መጠን ስንት ነው? የላቦራቶሪ ውጤቱን አሳየኝ» በሉት። እኛ ስንጠይቅ የመጣው መልስ የደንበኞች ምስክርነት ቪዲዮ ነበር።

ጠርሙሱን ራሱንም አንብቡት። «ሙሉ ቅጠል» ብሎ ስለ መጣራቱ ምንም ካላለ፣ ቢጫው ፈሳሽ አብሮ ተፈጭቶ ሊሆን ይችላል። ማጣራቱ የሚደረገው በተለየ ከሰል ሲሆን፣ ይህን ያደረገ አምራች አብዛኛውን ጊዜ ይጽፈዋል። «የውስጥ ጄል ብቻ» የሚለው ከዚህ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ተላጦና ታጥቦ በጥንቃቄ ካልተሠራ ቢጫው ይነካካዋል። «100 በመቶ» የሚለው ጽሑፍ አያታላችሁ፤ የደረቀ የአሎ ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ ወደ ጭማቂነት ሲመለስም እንደዚያው ይጻፍበታል። የይዘቱን ዝርዝር ስትመለከቱ ቀድሞ የተጻፈው በብዛት ያለው ነው። ውሃ፣ ስኳር፣ ሲትሪክ አሲድና ማወፈሪያ ከፊት ተሰልፈው አሎው ከኋላ ከመጣ የገዛችሁት ጣፋጭ ውሃ ነው። ጭራሽ አሎ የሌለበትም ያጋጥማል፦ በ2016 ብሉምበርግ የተባለው የዜና ድርጅት በአሜሪካ ታላላቅ መደብሮች የሚሸጡ ቆዳ ላይ የሚቀቡ የአሎ ጄሎችን በላቦራቶሪ አስመርምሮ፣ በተመረመሩት ውስጥ የአሎው መለያ የሆነው አሴማናን አልተገኘም ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን ደቃቋን ጽሑፍ ፈልጉ። የአክስቴ ጠርሙስ ጀርባ ላይ፣ ከታች ጥግ፣ በአጉሊ መነጽር ካልሆነ በማይነበብ ፊደል «ይህ ምርት ማንኛውንም በሽታ ለመመርመር፣ ለማከም ወይም ለመከላከል የታሰበ አይደለም» ይላል። ሻጩ በቪዲዮ ጨጓራን፣ ስኳርን፣ ኩላሊትን ሳይቀር ያድናል ያለው ያንኑ ጠርሙስ ይዞ ነው። አምራቹ በሕግ ፊት አያድንም ብሎ ፈርሟል፣ ሻጩ በእናንተ ፊት ያድናል ይላል። ክርክር ቢመጣ የሚቆጠረው የትኛው እንደሆነ ግልጽ ነው።

ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናትና ልጆች የሚያስቀምጠውን አሎ በምንም መንገድ አይውሰዱ። አንጀቱ የቆሰለ ወይም የተዘጋ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የሆድ ሕመም ያለበት፣ የኩላሊት ችግር ያለበት ሰውም እንዲሁ። ዲጎክሲን የሚባለውን የልብ መድኃኒት፣ እንደ ፉሮሴማይድ ያለ የሚያሸና መድኃኒት ወይም ስቴሮይድ የምትወስዱ፣ አክስቴ ላይ የሆነው እናንተ ላይ በባሰ መልኩ ሊሆን ይችላል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ አሎ በላዩ ሲጨመር ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድበት ይችላል። ጉበታቸው የተቆጣባቸው፣ ሲያቆሙት የተሻላቸው ሰዎች እንዳሉም በሕክምና መጽሔቶች ተዘግቧል። ስለዚህ ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንታችሁ ከጠቆረ ነገ ዛሬ ሳትሉ ሐኪም ቤት ሂዱ።

«ጨጓራ» ብለን በጅምላ የምንጠራው ሕመም ላይም አንድ ነገር ልበል፤ ትልቁ ኪሳራ ያለው እዚህ ነውና። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን የጨጓራ ቁስል ዋነኛ መንስኤ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑን በማሳየታቸው በ2005 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ባክቴሪያው በትንፋሽ ወይም በሰገራ ምርመራ ይታወቃል፣ በሐኪም በሚታዘዝ አንቲባዮቲክና የአሲድ መቀነሻ ይጠፋል። ካልታከመ ለጨጓራ ካንሰር ያጋልጣል። ይህ ያለበት ሰው ሦስት ወር ሙሉ ጭማቂ ሲጠጣ ገንዘቡ ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ ጊዜውም ነው። ሰገራችሁ ደም ካለበት ወይም እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሳትፈልጉ ከከሳችሁ፣ ምግብ ለመዋጥ ከተቸገራችሁ ወይም ደም ማነስ አለባችሁ ከተባለ፣ የማንንም ጠርሙስ ሳትከፍቱ ተመርመሩ። ለተራ የሆድ ድርቀትም ቢሆን ውሃ፣ አሰር ያለበት ምግብና እንቅስቃሴ አልበቃ ካለ፣ እንደ ላክቱሎስ ያሉ በደንብ የተጠኑ ማለስለሻዎች አሉ፤ ፋርማሲስት ጠይቁ።

አሁን እየጠጣችሁ ያላችሁ ከሆነ አቁሙ። በተለይ እግራችሁን ከያዛችሁ፣ ከደከማችሁ ወይም ልባችሁ ከዘለለ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱና ጠርሙሱን ይዛችሁ ግቡ። «ምን መድኃኒት ትወስዳላችሁ?» ስትባሉ ጭማቂውንም ቁጠሩት፤ አክስቴን የመረመራት ሐኪም ምክንያቱን ያገኘው ልጇ ጠርሙሱን ከቦርሳ አውጥታ ስታሳየው ነው። ቤት ውስጥ ያለውን አትድፉት። የምርት መለያ ቁጥሩንና ጊዜ የሚያልፍበትን ቀን ፎቶ አንሱ፣ ከሻጩ ጋር የተጻጻፋችሁትንና የከፈላችሁበትን ማስረጃ አስቀምጡ፣ ከዚያ ለምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትና ለሸማቾች ጥበቃ አመልክቱ። ሻጩ እንዳወቀ ገጹን ሊሰርዝ ስለሚችል፣ «ያድናል» ያለባቸውን ቪዲዮዎች አቤቱታውን ከማስገባታችሁ በፊት ቅዱ።