ያላዩትን የማይፈርሙ ባለሙያ፦ ለሆስፒታላችን የኤሌክትሪክና የእሳት ደኅንነት መርማሪ የቀረበ ምስጋና

30 አልጋዎች ያሉትን አነስተኛ ሆስፒታል በማስተዳደር ላይ እገኛለሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ላለፉት አራት ወራት የሆስፒታላችንን የኤሌክትሪክ መስመርና የእሳት አደጋ መከላከያ ዝግጅት ከሥር ከመሠረቱ የፈተሹልንን፣ ጉድለታችንን ሳይሸፋፍኑ የነገሩንንና እስኪስተካከል ድረስ ያልተለዩንን አንድ መሐንዲስ በአደባባይ ለማመስገን፣ ተመሳሳይ ኃላፊነት ላለባችሁም ለመጠቆም ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዳይጻፍ ስለጠየቁኝ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ኢንጂነሩ እያልኩ እጠራቸዋለሁ።

የጠራኋቸው የፈቃድ ማደሻ ጊዜያችን ሲቃረብ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ምርመራ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያለቀ፣ በሁሉም ጥያቄ ፊት "ተሟልቷል" የተባለበት ቅጽ ያስገኘልን ነበርና ከእርሳቸውም የጠበቅሁት ይህንኑ ነበር። እርሳቸው ግን የቀድሞውን ቅጽ አንብበው ወደ ጎን አስቀመጡትና "የማታ ተረኞች ስንት ናቸው?" ሲሉ ጠየቁኝ። ሦስት ነርሶችና አንድ ጥበቃ መሆናቸውን ስነግራቸው ምርመራውን በዚያው ሌሊት፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለመጀመር ወሰኑ። ሠራተኛ በሚሳሳበትና ሕሙማን በሚተኙበት ሰዓት የማይሠራ ዝግጅት ቀን ላይ ቢሠራም እንደማይቆጥሩት ነገሩኝ።

በዚያ ሌሊት የሆነውን አልረሳውም። በተኝቶ ሕክምና ክፍል ለረጅም ዓመታት ያገለገለችን ነርስ በትሕትና "ሲስተር፣ አሁን እዚህ እሳት ቢነሳ ኦክስጅኑን ከየት ነው የሚዘጉት?" ብለው ጠየቋት። ነርሷ ጥቂት አሰበችና በግቢው ማዶ ወዳለው የሲሊንደር ማከማቻ በጣቷ አመለከተች። የክፍሉ የኦክስጅን መስመር መዝጊያ ግን ከቆመችበት ሁለት እርምጃ ብቻ ርቆ፣ እኛው ራሳችን ባስቀመጥነው የአንሶላ ቁም ሳጥን ጀርባ ተሸፍኖ ነበር። ጥፋቱ የእርሷ ሳይሆን የእኔ ነው፤ ቁም ሳጥኑ እዚያ እንዲቀመጥ የፈቀድኩት እኔ ነኝና።

ኢንጂነሩ በማግስቱ ሠራተኛውን ሰብስበው ነገሩን ሲያስረዱ፣ በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ወደ 21 በመቶ እንደሆነ፣ መጠኑ ከ23.5 በመቶ ካለፈ ግን አካባቢው በኦክስጅን የበለጸገ ተብሎ እንደ ልዩ አደጋ እንደሚቆጠር፣ በእንዲህ ያለ ቦታ ብርድ ልብስም ሆነ ፀጉር በቀላሉ ተያይዞ በኃይል እንደሚነድ ነገሩን። እ.ኤ.አ. በ2021 በባግዳድ ኢብን አል ኸጢብ ሆስፒታል ከኦክስጅን ሲሊንደር ፍንዳታ ጋር በተያያዘ እሳት ከ80 በላይ ሰዎች ማለቃቸውንም አነሱ። መዝጊያውን መዝጋት ራሱ በጥድፊያ የሚደረግ አይደለም፤ በመስመሩ ላይ የሚተነፍስ ሕመምተኛ ማን እንደሆነ ያወቀ፣ ተንቀሳቃሽ ሲሊንደር ያዘጋጀ ኃላፊ ነርስ የሚያዝበት ሥራ ነው። ዛሬ ቁም ሳጥኑ ተነሥቷል፤ በመዝጊያው ላይ የትኞቹን ክፍሎች እንደሚዘጋ በጉልህ ተጽፏል፤ ተረኛ ሁሉ ሥራ ሲረከብም ቦታውን በእጁ ነክቶ ይረከባል።

የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሳጥኖቹ ምርመራ ከሁሉም በላይ ጊዜ ወሰደ። በወሊድ ክፍል ለሶኬቶች የተዘረጋው ሽቦ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሲሆን በላዩ ላይ የተገጠመው ብሬከር (ኮረንቲ ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጠው መሣሪያ) ግን 32 አምፔር ሆኖ ተገኘ። ቀድሞ የነበረው 20 አምፔር ሲሆን፣ እየወረደ ስላስቸገረ አንድ ቀን በትልቁ ተቀይሮ ኖሯል። ሁላችንም ያን ጊዜ ችግሩ የተፈታ መስሎን ነበር። ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ሽቦው ከሚችለው በላይ ኮረንቲ እንዲያልፍ ሲፈቀድ ሶኬቱ መሥራቱን ይቀጥላል፣ ሙቀቱ ግን በኮርኒስ ውስጥ ማንም ሳያየው ይጠራቀማል። ኮረንቲው እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ እንደሚሆን በወረቀት ላይ ጽፈው አሳዩን። በሙቀት ካሜራ ሲያዩም ብሎኑ የላላ አንድ የሽቦ መገናኛ ከጎኑ ካሉት ከ40 ዲግሪ በላይ ሞቆ አገኙት። የመብራት ኃይሉ ተቋርጦ ብሎኑ ሲፈታ የሽቦው ሽፋን ጠቁሮ ይሰነጣጠቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 በደቡብ ኮሪያ ሚርያንግ ከተማ፣ በሴጆንግ ሆስፒታል ከ40 በላይ ሰዎችን የገደለው እሳት በመሬት ወለሉ ኮርኒስ ውስጥ ካለ የኤሌክትሪክ መስመር እንደተነሣ ካወቅሁ በኋላ ያ የጠቆረ ሽቦ ከዓይኔ አልጠፋ ብሏል። አሁን በቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ስለ ሕክምና መሣሪያዎች የነገሩን ግን ለእኔ ፍጹም አዲስ ነበር። በቆዳ በኩል ገብቶ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍ 100 ሚሊ አምፔር ያህል ኮረንቲ የልብን ምት ሊያዛባ እንደሚችል ብዙ ሰው ሰምቷል። ወደ ልቡ በቀጥታ የሚደርስ ሽቦ ወይም ቱቦ የገባለት ሕመምተኛ ግን የዚህ አንድ ሺሕኛ፣ ማለትም 100 ማይክሮ አምፔር ወይም ከዚያ በታች ሊገድለው ይችላል፤ ስለዚህም ከልብ ጋር በቀጥታ ለሚገናኙ መሣሪያዎች መሣሪያው ያለ ብልሽት ሲሠራ የሚፈቀደው ወደ ሕመምተኛው የሚያፈተልክ ኮረንቲ 10 ማይክሮ አምፔር ብቻ ነው። የሚያፈተልክ ኮረንቲ 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ የሚቆርጠው መከላከያ ብሬከራችን ይህን ያህል ትንሽ ኮረንቲ ከቶ አያየውም። ኢንጂነሩ ከባዮሜዲካል ባለሙያችን ጋር ሆነው መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ሲለኩ፣ የመሬት መስመር እግሩ የተቆረጠ የመምጠጫ ማሽንና የመሬት መስመር በሌለው ማራዘሚያ ላይ የተሰካ የልብ ምት መከታተያ አገኙ። ሁለቱም በየዕለቱ እንጠቀምባቸው የነበሩ ናቸው።

እሳት ማጥፊያዎቹን በተመለከተ የጥገና ካርዱን ማየት በቂ ይመስለኝ ነበር። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያ የግፊት መለኪያ ስለሌለው ሙሉነቱ የሚታወቀው በሚዛን እንደሆነ፣ ከይዘቱ 10 በመቶ ያህል ከጎደለም እንደገና መሞላት እንዳለበት ያወቅሁት ያን ቀን ነው። በቀዶ ሕክምና ክፍል በር ላይ ከተሰቀሉት ሁለቱ፣ ካርዳቸው አዲስ ሆኖ ሳለ፣ ክብደታቸው ከዚህ ልክ በላይ ጎድሎ ነበር። ጄኔሬተሩንም ያለ ጭነት በየሳምንቱ ማስነሳታችን ብዙ እንደማይጠቅመው ነግረውን፣ አሁን በወር አንድ ጊዜ ከአቅሙ 30 በመቶ ባላነሰ ጭነት ለ30 ደቂቃ ይሠራል።

የማስወጣት ልምምዱም የእርሳቸው ሥራ ነው። አልጋ ላይ ያለን ሕመምተኛ ወዲያው በደረጃ ለማውረድ ከመሞከር ይልቅ በመጀመሪያ በዚያው ፎቅ እሳት ከሚገታው በር ባሻገር ወዳለው ክፍል ማሸጋገር እንደሚቀድም አስተማሩን። በሩ ግን የሚገታው ከተዘጋ ብቻ ነው፤ የእኛን በር በባዶ ሲሊንደር ደግፈን ክፍቱን እናቆየው ነበር። ሲሊንደሩ ተነሥቶ፣ ጭስ ሲሰማ በራሱ በሩን የሚለቅ ማግኔት ተገጠመ። ከፅዳት ሠራተኞቻችን አንዷ በፍራሽ ላይ ያለን ሰው በአንሶላ አስሮ የመጎተትን ዘዴ ከሁላችንም ፈጥና ለመደች፤ አሁን አዲስ ሠራተኛ የምታሠለጥነው እርሷ ናት።

ከሁሉ በላይ ላመሰግናቸው የምወደው ግን እምቢ ስላሉኝ ነው። የማደሻው ቀን ሲደርስ በአንደኛው ክንፍ የጭስ ጠቋሚዎቹና አንድ የመውጫ በር ገና አልተጠናቀቁም ነበር። "በሦስት ሳምንት ውስጥ ይጠናቀቃል፤ እንደተጠናቀቀ አድርገው ይፈርሙልኝ" አልኳቸው፤ በወቅቱ ምንም የሚያስነውር ነገር የጠየቅሁ አልመሰለኝም። "እኔ የምፈርመው ላየሁት ነው፤ ነገ ማታ እዚያ ክንፍ የምትተኛ እናት ፊርማዬን አምና ነው ዓይኗን የምትከድነው" ብለው መለሱልኝ። ተቆጣሁ፤ ሁለት ቀን አላነጋገርኳቸውም። እርሳቸው በእነዚያ ሁለት ቀናት የቀረውን ሥራ የሚዘረዝር፣ እስኪያልቅም ድረስ ክንፉ ከሕሙማን ነፃ ሆኖ እንዲቆይና ጥበቃው በየሰዓቱ እየዞረ በመዝገብ እንዲፈርም የሚያዝዝ ደብዳቤ አዘጋጅተው አመጡልኝ። በዚያ ደብዳቤ መሠረት የጊዜ ማራዘሚያ ተፈቀደልን፤ ሥራው ሲያልቅ መጥተው እያንዳንዱን ጠቋሚ በጭስ ሞክረው ፈረሙ። ለዚያ ቁጣዬ እዚህ በአደባባይ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ።

አገልግሎታቸውን ለምትፈልጉ ሁለት ነገር ላስታውቃችሁ። ዕቃ አይሸጡም፣ የሚሸጥ ድርጅትም አይጠቁሙም፤ ምን ዓይነት መግዛት እንዳለባችሁ በጽሑፍ ሰጥተው ግዢውን ለእናንተ ይተዋሉ። ሥራቸውም ዝግ ያለ ነው፤ የጥገና ባለሙያችሁ ቀኑን ሙሉ አብሯቸው እንዲውል ይጠይቃሉ፣ ለእርሱም እያስተማሩ ይሠራሉ። በአንድ ቀን ወረቀት ለማግኘት የምትቸኩሉ ከሆነ አትጥሯቸው።

ስልካቸውን በግል ለጠየቀኝ የሆስፒታል፣ የጤና ጣቢያ ወይም የክሊኒክ ኃላፊ በፈቃዳቸው እሰጣለሁ። ከመደወላችሁ በፊት የሕንጻውን የኤሌክትሪክ ንድፍ ካላችሁ አዘጋጁ፤ ከሌላችሁም እርሳቸው ከማከፋፈያ ሳጥኖቹ ተነሥተው ይሠሩላችኋል። በሕሙማን አጠገብ የሚሠሩ መሣሪያዎችን ዝርዝርና የማታ ተረኞችን መርሐ ግብርም ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ መርሐ ግብሩን ነው።