አምስት ማይክ ብለው አንድ ሸጡልኝ

የስትሪንግ ሳምፕል ላይብረሪ (በኮምፒውተር የምንጫወተው፣ ቀድሞ የተቀዳ የቫዮሊንና የመሰሎቹ ድምፅ ስብስብ) ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ።

ሰሞኑን አንዱን ገዛሁ። ማስታወቂያው «አምስት የማይክ ፖዚሽን» ይላል፤ ቅርብ፣ መሃል፣ ሩቅ፣ ጎን፣ ሚክስ። አንድ ማይክ ብቻ ያለው ርካሽ ቅጂም ነበረው። እኔ ግን እጥፍ ከፍዬ ትልቁን ወሰድኩ። ቅርቡ ማይክ ቀስቱ ክር ሲፍቅ ነው የሚያሰማችሁ፤ አዳራሹን የሚያመጣው ሩቁ ነው። እኔም የፈለግኩት አዳራሹን ነበር።

መጀመሪያ ደስ ያለኝ ቅለቱ ነው። የአምስቱንም ማይክ ፌደር (የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ) ከፈትኩ፣ ኮምፒውተሬ ምንም አላለም። የኔ ሞኝ! መንቃት የነበረብኝ ያኔ ነው። እውነተኛ ማይክ ሁሉ የራሱ ሳምፕል አለው። ሁለተኛ ማይክ ስትከፍቱ ራም ላይ የሚጫነው ወደ እጥፍ ይጠጋል። የእኔ ቁጥር ንቅንቅ አላለም።

ቆይቶ ጠረጠርኩ። አንዲት አጭር ፒዚካቶ (ክሩን በጣት በመምታት የሚወጣ) ኖታ፣ ቅርቡንና ሩቁን ለየብቻ ትራክ ላይ አወጣሁ። ዌቭፎርሙን (የድምፁን ሞገድ ሥዕል) አጉልቼ ሳየው ሁለቱም እኩል ይጀምራሉ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ 10 ሜትር የራቀ ማይክ ጋ ለመድረስ ወደ 29 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። እርግጥ ኖታው እንዳይዘገይ ብለው ሆን ብለው የሚያስተካክሉ አምራቾች አሉ። በዚህ ብቻ ሰው አይወነጀልም።

ስለዚህ የቅርቡን ፌዝ ገለበጥኩ (የሞገዱን ማለቴ ነው፣ ፌዙስ በእኔ ላይ ነበር)። የተገለበጠ ሞገድ ከራሱ ቅጂ ጋር ሲደመር ይጠፋፋል። ቮሊዩሙን አስተካክዬ ከሩቁ ጋር ደመርኩት። መጀመሪያ አልሠራም። ለካ ሁለቴ ስጫወተው ራውንድ ሮቢኑ (ያው ኖታ ሲደገም ቅጂ የሚቀያይረው) ሌላ ሳምፕል እየሰጠኝ ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ምት ማውጣት ያስፈልጋል። እንደዚያ ሳደርግ የጣቱ ምት ድራሹ ጠፋ። የቀረው የሪቨርብ (የማስተጋቢያ ኢፌክት) ጭራ ብቻ። የተለያየ ቦታ የቆሙ ሁለት ማይኮች መቼም እንዲህ አይጠፋፉም። ሩቅ ያሉኝ ቅርቡ ራሱ ነው፣ ሪቨርብ ተቀብቶ። ሪቨርብማ እኔስ መች አጣሁ!

ሻጩ ጋ ጻፍኩ። «ፖዚሽን አልን እንጂ በተለያየ ማይክ ተቀዳ አላልንም» አለኝ። ገንዘቤንስ? ላይሰንሱ ስለተከፈተ አይመለስም።

እናንተ ሩቁ ማይክ ብቻውን፣ ያለ ተጨማሪ ሪቨርብ የሚሰማበት ዴሞ ጠይቁ። ሙሉ ኦርኬስትራ የሚያስገመግምበት ዴሞ ምንም አይነግራችሁም። አንደኛ ቫዮሊኖች በተለመደ መቀመጫቸው ተቀድተዋል ከተባለ፣ ሩቁ ላይ ወደ ግራ ማድላት አለባቸው፤ መሃል ላይ ድርቅ ካሉ ጠርጥሩ። የፋይሉን መጠንም እዩ። የአንድ ማይኩና የአምስት ማይኩ ቅጂ ጊጋባይታቸው ከተቀራረበ አራቱ ማይክ የት ገብተው ነው? የእኔዎቹ እኩል ነበሩ ማለት ይቻላል። ገጹ ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፎ ነበር። እኔ የቅናሹን ሰዓት ቆጣሪ እያየሁ አለፍኩት።