ስለ ዝነኞች እያነበቡ እንግሊዝኛን ማጠናከር፦ መጽሐፍ፣ አፕ ወይስ የማታ ትምህርት?

ጅማ ላይ ለአይልትስ ወይም ለሌላ ከፍ ያለ የእንግሊዝኛ ፈተና የሚዘጋጅ ሰው ካገኛችሁ፣ ከሚያጠናው መካከል ስለ ዝና የሚያወራ ምዕራፍ አይጠፋም። አይልትስ ራሱ በንግግር ፈተናው አንዳንዴ ስለ ታዋቂ ሰው እንድታወሩ ይጠይቃል። 1 ደቂቃ ትዘጋጃላችሁ፣ ከዚያ እስከ 2 ደቂቃ ታወራላችሁ።

እኔ ርዕሱን የምወደው ለሰዋስው ስለሚመች ነው። ስለ ዝነኛ የምንሰማው አብዛኛው ወሬ «ይባላል» ነው። ተጋቡ ይባላል፣ ተጣሉ ይባላል። እንግሊዝኛም ለዚህ የራሱ አነጋገር አለው፦ «ሺ ኢዝ ሴድ ቱ ሃቭ ሌፍት»፣ ሄዳለች ይባላል። ብዙዎቻችን ግን «ፒፕል ሴይ» ላይ ቆመን እንቀራለን። ቃላቱም ያሳስታሉ። «ኢንፋመስ» ታዋቂ ያልሆነ ማለት አይደለም፤ በመጥፎ ሥራው ስሙ የወጣ ነው። «ሪናውንድ» ደግሞ የእኛው ስመ ጥር ነው። ይህን ልዩነት በዓረፍተ ነገር ሳያሳይ ቃላት ብቻ የደረደረ ነገር ላይ ብራችሁን አታውጡ።

የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ በርዕስ የተከፋፈለ መጽሐፍ ነው። ንባቡም፣ ቃላቱም፣ ሰዋስውም በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ስለሚመላለሱ አንዱን ቃል ሦስት አራት ጊዜ ታገኙታላችሁ። «ላይምላይት»ን ውሰዱ፤ የሰው ሁሉ ዓይን የሚያርፍበት ዝና ማለት ነው። እዚህ ላይ ላይም ማለት ኖራ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቴአትር ቤቶች ኖራን በእሳት አግለው፣ በሚወጣው ደማቅ ብርሃን መድረኩን ያበሩ ነበር። ይህን ያነበበ ሰው ቃሉን አይረሳውም።

ችግሩ ኦሪጅናሉ ውድ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ አብዛኞቻችን ፎቶ ኮፒ እንገዛለን። እኔም መርካቶ አካባቢ ካለ አንድ ኮፒ ቤት አስጠርዤ በደስታ ቤት ገባሁ። ቃል የመቀየር መልመጃው ላይ ስደርስ አዘንኩ። በዚህ መልመጃ የሚቀየረው ቃል የሚጻፈው ከመስመሩ በስተቀኝ፣ ዳር ላይ ነው። ኮፒው ዳሩን ቆርጦታል። ባዶ ቦታው አለ፣ ወደ «ሴሌብሪቲ» የሚቀየረው «ሴሌብሬት» ግን የለም። ከዚያ ወዲህ ሳልከፍል በፊት ሁለት ቦታ እገልጣለሁ፦ የዚህን መልመጃ የቀኝ ዳር እና መጨረሻ ላይ ያለውን የመልስ ገጽ። መልስ የሌለው መጽሐፍ ብቻውን ለሚያጠና ሰው ምንም አይሠራለትም።

አፕ ከመጽሐፍ የሚሻለው በድምፅ ነው። ቃሉ እንዴት እንደሚነገር ትሰማላችሁ፣ ባጃጅ ውስጥ ሆናችሁም ትከልሳላችሁ። ነገር ግን አብዛኛው ጥያቄ ምርጫ ስለሆነ በግምት ይታለፋል። የካምብሪጅ ሲ1 አድቫንስድ በተባለው ከፍ ያለ የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ ግን የተሰጠን ቃል ሳትቀይሩ፣ ከ3 እስከ 6 ቃላት ራሳችሁ ጽፋችሁ ዓረፍተ ነገር የምታሟሉባቸው 6 ጥያቄዎች አሉ። እዚያ ግምት አያድናችሁም። ዳታና መብራትንም አስቡ፤ ክረምት ላይ መብራት ሲሄድ ሻማ ይዤ የተመለስኩት ወደ መጽሐፌ ነው። የሚከፈልበት አፕ ከሆነ ደግሞ እዚህ ሆናችሁ መክፈል መቻላችሁን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። በቴሌግራም የሚመጣ ፒዲኤፍ ነፃ ነው፤ ግን ሃምሳ ፋይል አውርዶ አንዱንም ያልጨረሰ ስንት ሰው አውቃለሁ።

የማታ ትምህርት ከሁሉም ውድ ነው፤ አንድ ነገር ግን አለው። በገባሁበት ክፍል አንዲት ልጅ ስለ ደራርቱ ቱሉ አወራች፤ በ1992 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና ኦሎምፒክ 10,000 ሜትር ስለማሸነፏ። «ሺ ቢኬም ፌመስ» አለች። መምህሩ አላረማትም። «ቀስ በቀስ ነው ወይስ በአንዴ?» ብሎ ዝም አለ። ልጅቷ አሰብ አደረገችና «ሺ ሾት ቱ ፌም!» አለች፤ በአንዴ ዝነኛ ሆነች ማለት ነው። ክፍሉ በሙሉ ጻፈው። እንዲህ ያለ ጥያቄ እስካሁን የትኛውም አፕ ጠይቆኝ አያውቅም።

ለመናገር ፈተና የምትዘጋጁ ከሆነ ክፍሉ ይሻላችኋል። ከመመዝገባችሁ በፊት ግን አንድ ቀን ገብታችሁ እንድታዩ ጠይቁ። መምህሩ ብቻ የሚያወራበት ክፍል ከሆነ ብሩን ለመጽሐፉ አውሉት።